ኤክሶ ቴራ 45×45×60 የመስታወት ቤት ለቀን ጌኮ ምን ያህል ይመቻል?

ፌልሱማ ላቲካውዳ፣ ጀርባዋ ላይ ወርቅ የተነሰነሰባት የምትመስለው አረንጓዴ ጌኮ (የእንሽላሊት ዓይነት)፣ የሰሜን ማዳጋስካርና የኮሞሮስ ደሴቶች ተወላጅ ናት። እንደ አብዛኞቹ ጌኮዎች በሌሊት ሳይሆን በቀን ትንቀሳቀሳለች፤ ዛፍ ላይ ትኖራለች፤ ፀሐይ መሞቅ ትወዳለች። ለእሷ ቤት ሲመረጥ ከሁሉ በፊት የሚታየው ከፍታና ብርሃን ነው። ይህ ኤክሶ ቴራ የተባለው ድርጅት የሚሠራው ባለ 60 ሳ.ሜ. ከፍታ ሳጥን የመጀመሪያውን በሚገባ ያሟላል፤ ሁለተኛውን ግን ባለቤቱ ራሱ ማስተካከል አለበት።

ትልቁ ጥቅሙ በሮቹ ከፊት መከፈታቸው ነው። የቀን ጌኮ ቆዳ በጣም ስስ ስለሆነ ሲይዟት ይቀደዳል፤ ከላይ የሚመጣ እጅ ደግሞ አዳኝ ወፍ ይመስላትና ትበረግጋለች። ከፊት እየከፈቱ ማጽዳትና መመገብ ይህን ሁሉ ያስቀራል። በሩን ከመዝጋት በፊት ግን ማጠፊያውንና የላይኛውን ጠርዝ ማየት ግድ ነው፤ ጌኮዋ እዚያ መለጠፍ ስለምትወድ ልትጨፈለቅ ትችላለች።

ወደ ብርሃኑ ስንመጣ፣ ክዳኑ የብረት ወንፊት ነው። ወንፊት እንደ ሽመናው ጥግግት ከዩቪቢ (በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ካለው፣ ዓይን ከማያየው) ጨረር አንድ ሦስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያስቀራል። ዩቪቢ ከሌለ ቫይታሚን ዲ3 በቆዳዋ ውስጥ አይመረትም፤ ካልሲየም በምግቧ ላይ ቢነሰነስም ሰውነቷ በአግባቡ አይጠቀምበትም፤ መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ ጅራቷ ይጣመማል። መስታወት ዩቪቢ ስለማያሳልፍ ሳጥኑን መስኮት አጠገብ ማስቀመጥም አይረዳም፤ እንዲያውም በቀጥታ ፀሐይ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። የሚሻለው ባለ 24 ዋት ቲ5 ቱቦ፣ ማለትም ዩቪቢ የሚያወጣ ቀጭን የፍሎረሰንት መብራት፣ ነው። ርዝመቱ 55 ሳ.ሜ. ስለሆነ ከክዳኑ ትንሽ ይወጣል፤ መልኩ ባያምርም ጉዳት የለውም። ባለ 30 ሳ.ሜ.፣ 8 ዋት አጭር ቱቦ በልክ ይገጥማል፣ ነገር ግን ኃይሉ ለዚች ፀሐይ ወዳድ እንስሳ ያንሳል። በመለኪያ ሲታይ ጌኮዋ በምትሞቅበት ቅርንጫፍ ላይ የዩቪ ኢንዴክሱ (የጨረሩ ጥንካሬ መለኪያ) ከ2 እስከ 3 ቢሆን ጥሩ ነው። ቅርንጫፉን ዝቅ ወይም ከፍ በማድረግ ይስተካከላል። ቱቦው ዓይን ሲያየው ቢያበራም ጨረሩ እየደከመ ስለሚሄድ በዓመት አንዴ ይቀየራል።

ከሙቀት አንጻር በመሞቂያው ቦታ ከ30 እስከ 32፣ በታችኛው ክፍል 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበቃል፤ ሌሊት እስከ 20 ቢወርድ ምንም አይደለም። ያው የወንፊት ክዳን እርጥበትም ስለሚያባክን በማሞቂያ በሚደርቅ ቤት ውስጥ ግማሹን በመስታወት ቁራጭ መሸፈን ያስፈልጋል። ቱቦው ያለበት ጎን ግን ክፍት ይቅር። ጠዋትና ማታ ውሃ ሲረጭ እርጥበቱ ከ60 እስከ 80 በመቶ ይቆያል፤ ጌኮዋም የምትጠጣው ቅጠል ላይ ያረፈውን ጠብታ ነው።

ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ከፎም የተሠራ፣ ድንጋይ የሚመስል ጀርባ ለዚች እንስሳ አይሆንም። ለምግብ የሚሰጧት ፌንጣዎች ከኋላው ይደበቃሉ፣ ጌኮዋም ገብታ እንቁላሏን ልትጥል ትችላለች። አውጥቶ በቦታው ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ቀርከሃ ቀጥ አድርጎ ማቆም ይሻላል። እንቁላሏ ከግድግዳ ስለማይጣበቅ ከቀርከሃው ውስጥ በቀላሉ ይወጣል። የኬብል ማስገቢያውና በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ክፍተት ለትልቋ አያሰጋም፤ ለተፈለፈለ ጫጩትና ለትናንሽ ፌንጣዎች ግን መውጫ ነው። ለኬብሉ የተቆረጠ ስፖንጅ ይበቃል፤ ጫጩቶቹን ግን በሌላ ትንሽ ሳጥን ማሳደግ ነው።

ስፋቱ ለአንድ ወይም ለአንድ ወንድና ሴት ይሆናል። ሁለት ወንዶች እስከ ሞት ስለሚጣሉ አብረው አይቀመጡም። እስከ 30 ሳ.ሜ. የምትደርሰው ትልቋ የማዳጋስካር ጌኮ፣ ፌልሱማ ግራንዲስ፣ ለመግዛት ያሰበ ይህን ሳጥን ይተወውና ባለ 60×45×90 ይፈልግ። የፌልሱማ ዝርያዎች ንግድ በሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ) ስምምነት ቁጥጥር ስር ስለሆነ እንስሳዋ በሰው እጅ የተራባች መሆኗን ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው። ተክሉ ተተክሎ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ለአንድ ሳምንት ሳይዋዥቅ ከቆየ በኋላ ትግባ።