ሌንሱ አልሞተም ነበር፦ ለደሴው ሰዓት ሠሪ ምስጋና

የአባቴ ዞርኪ 4፣ የድሮ የሶቪየት ፊልም ካሜራ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁምሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ጥፋቱ የሌንሱ ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ ያወቅኩት ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ ሄጄ ነው።

በ50 ሚሊሜትሩ ሌንስ ሳነሳ ሁሉም ጥርት ይላል። 85 ሚሊሜትሩን ጁፒተር 9 ሌንስ ስገጥም ግን ጉድ ይፈላል። እናቴን ቡና ስትቀዳ አነሳኋት። ዓይኗ ደብዝዟል፤ ትከሻዋ ላይ ያለው የነጠላዋ ጥለት ግን ክሩ ይቆጠራል! ሌላ ከተማ ያሳየሁት ባለሙያ ካሜራውን ሳይከፍት «ሌንሱ ሞቷል፣ ጣለው» አለኝ።

የደሴው ሰዓት ሠሪ ጋሼ ግን ሌንሱን አልፈቱትም። በሩ ላይ ወጥተው፣ ሌንሱን መጨረሻው ድረስ አዙረው፣ በሩቁ ወደሚታይ ሚናራ አነጣጠሩ። «ና እየው» አሉኝ። ሬንጅፋይንደር፣ ማለትም እያየን ርቀቱን የምናስተካክልበት የካሜራው መስኮት፣ መሃል ላይ ሁለት ምስል ያሳያል አይደል? ሩቅ ላይ ሁለቱ አንድ መሆን ነበረባቸው። የሚናራው ጠርዝ ግን የፀጉር ያህል ተሰንጥቋል።

«አብሽር፣ ሌንሱ ካንተ የተሻለ ያያል» ብለው ሳቁ። ስህተቱ 50ው ላይም ነበር፤ ፀሐይ ላይ በኤፍ 8፣ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቤ ስለማነሳ፣ ጥርት የሚለው ርቀት ሰፍቶ ተሸፍኖልኝ ነው። 85ቱ ግን በኤፍ 2፣ ቀዳዳው በሰፊው ተከፍቶ፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ፣ ጥርት የሚልለት አራት ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የፀጉር ያህል ስህተትም ብዙ ነው።

በሰዓት መፍቻቸው የሬንጅፋይንደሩን አንዲት ብሎን ከሩብ ዙር ባነሰ አዞሩ። ሚናራው ገጠመ። በዚያ አልበቃቸውም፤ ሁለት ሜትር በሜትር ለክተው ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ደግመው አዩት፣ በሁለቱም ሌንስ። የጠየቁኝ 300 ብር ነው። ሻይ ልጋብዝዎት ብል እሱንም እሳቸው ከፈሉ።

የካሜራው መስኮት የሚያሳየው የ50ውን እይታ ስለሆነ፣ በ85 ስታነሳ ከወርዱም ከቁመቱም መሃሉን ስድስት አስረኛ ብቻ ቁጠር ብለውኛል። እስካሁን የሰው ጭንቅላት የምቆርጠው ለካ ለዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጋሼ «ነገ» ካሉ ከነገ ወዲያ ነው። ዲጂታል ካሜራም አይነኩም። የድሮ ካሜራ ያላችሁ ግን ሳትጥሉት አሳዩዋቸው። ሱቃቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

እናቴን ትናንት ደግሜ አነሳኋት። ፊልሙ ገና አልታጠበም።