የኮሪዮፕሲስ ችግኝ በደብረ ማርቆስ፦ ተክሉ ጥሩ፣ ምክሩ ጎደሎ

በደብረ ማርቆስ ከተማ መውጫ ላይ ካሉት የችግኝ መሸጫዎች በአንዱ ዘንድሮ ለግቢ ማስዋቢያ ከቀረቡት ተክሎች መካከል ብዙ ገዢ የሚጠይቀው ቢጫው ኮሪዮፕሲስ ነው። የትውልድ ቦታው ሰሜን አሜሪካ የሆነው ይህ ተክል ቁመቱ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ሥሩ እየቆየ ከዓመት ዓመት የሚያቆጠቁጥ ነው። ሻጮቹ «የአደይ አበባ ዘመድ ነው» ይላሉ፤ ሁለቱም ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የወጡ የቅርብ ዘመዳሞች በመሆናቸው አባባላቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ አደይ በመስከረም አብባ፣ ዘሯን አራግፋ በዚያው ዓመት ስትደርቅ፣ ኮሪዮፕሲስ ሥሩ እስካልበሰበሰ ድረስ በየዓመቱ ተመልሶ ያብባል።

ችግኞቹ በደንብ የተያዙ ናቸው። ያደጉት በጥላ ሥር ሳይሆን በፀሐይ ላይ በመሆኑ ግንዳቸው አጭርና ጠንካራ ነው፤ ክሽክሽ የሚባለው የቅጠል ተባይም አልታየባቸውም፤ ዋጋቸውም ከጽጌረዳ ችግኝ ያነሰ ነው። ጉድለቱ አንዳንዶቹ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከሚገባው በላይ መቆየታቸው ሲሆን፣ ከረጢቱ ሲቀደድ ሥራቸው ዙሪያውን ተጠምጥሞ ይገኛል። ስለዚህ አበባ የያዘውን ትልቁን ከማንሳት ገና ያላበበውን ትንሹን መምረጥ ይሻላል።

ሠራተኞቹ ትሑቶች ናቸው፤ ጥያቄ አይሰለቻቸውም። የሚሰጡት ምክር ግን ለሁሉም ተክል አንድ ነው፦ ፍግ በብዛት፣ ውኃ ጧትና ማታ። ይህ ለጎመን ይስማማ ይሆናል፤ ኮሪዮፕሲስን ግን ይጎዳዋል። ፍግ የበዛበት አፈር ቅጠሉን ያበዛል፣ ግንዱን አርዝሞ ያጋድመዋል፣ አበባውንም ያሳንሳል። ተክሉ የሚፈልገው ሙሉ ፀሐይና ውኃ የማይቋጥር አፈር ሲሆን፣ ሥር ከሰደደ በኋላ ድርቅን በሚገባ ይቋቋማል፤ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አርክቶ ማጠጣት ይበቃዋል።

በእኛ አካባቢ ሊታሰብበት የሚገባው ክረምቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ብትገኝም ብርዱ ለዚህ ተክል ምንም አይደለም፤ በትውልድ አገሩ ከዜሮ በታች ወደ 30 ዲግሪ የሚወርድ ቅዝቃዜ ይችላል። የሚገድለው በሐምሌና በነሐሴ ዋልካ አፈር ላይ ተኝቶ የሚከርመው ውኃ ነው። የጎጃም ገበሬ በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ውኃውን ለማስወገድ እንደሆነ ሁሉ፣ ግቢው ዋልካ የሆነ ሰውም አሸዋ የተቀላቀለበትና ከአንድ ስንዝር ያላነሰ ከፍታ ያለው መደብ ሠርቶ፣ ዙሪያውን ውኃ መውረጃ ሊያወጣለት ይገባል። ሻጮቹ ገዢውን ግቢው ምን ዓይነት አፈር እንዳለው ቢጠይቁት ኖሮ ከሚሸጡት ችግኝ ብዙው ከክረምቱ ይተርፍ ነበር።

የጠወለገውን አበባ ከነአገዳው ቶሎ ቶሎ መቁረጥ የማበቢያ ጊዜውን ያራዝማል። በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ ነቅሎ፣ ሥሩን ከፋፍሎ መልሶ መትከል ያስፈልጋል፤ አለዚያ መካከሉ እየሳሳ ይሄዳል። ከአንድ ችግኝ ብዙ ስለሚገኝም በርከት አድርጎ መግዛት ትርፉ ወጪ ብቻ ነው።

«ራሱ ዘርቶ ግቢውን ይሞላልዎታል» የሚለው የሻጮቹ ማባበያ ግን አያስደስትም። ጃፓን ቅጠለ ረጅሙን የኮሪዮፕሲስ ዝርያ አገር በቀል ዕፅዋትን ስለሚያፈናቅል በ2006 እ.ኤ.አ. በወራሪ መጤ ዝርያነት መዝግባ ማብቀሉን ከልክላለች። ግቢው ከግጦሽ ወይም ከማሳ ጋር የሚዋሰን ሰው አበባው ዘር ሳይቋጥር ቢቆርጠው መልካም ነው።