የባህር ካያክ ሲመረጥ፦ ከርዝመቱ በፊት ልኩ

የባህር ካያክ፣ ማለትም ተቀምጠው በመቅዘፊያ የሚነዱት ረጅምና ጠባብ ጀልባ፣ መሸጫ ወረቀቱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ርዝመት ነው። ለገዢው ግን ዋናው ቁጥር እሱ አይደለም። ብዙ አምራቾች አንዱን ንድፍ በሁለት ወይም በሦስት መጠን ያወጡታል፤ ኤልቪ፣ ኤምቪ እና ኤችቪ ይሏቸዋል፤ ሆዱ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ እንደማለት። ቆመው ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ይለያያሉ።

55 ኪሎ የሚመዝን ሰው ኤችቪ ውስጥ ከገባ ጀልባው በቂ አይጠልቅም፤ ከውሃ በላይ የቀረው ጎን ነፋስ ይሰበስባል። ካያክ ወደፊት ሲሄድ አፍንጫውን የውሃው ግፊት ይይዘዋል፣ ጭራው ግን ልቅ ነው። ስለዚህ የጎን ነፋስ ጭራውን ይገፋና አፍንጫውን ወደ ራሱ ያዞረዋል። ባዶና ትልቅ ጀልባ ላይ ይህ ሲብስ ቀዛፊው ቀኑን ሙሉ በአንድ ክንዱ ሲታገል ይውላል። 95 ኪሎ ሰው ኤልቪ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ጀልባው ከልክ በላይ ይጠልቃል፣ ሞገዱ ሁሉ ደረት ላይ ይወጣል።

ጭነትም ይታሰብ። ድንኳን፣ ምግብና የመጠጥ ውሃ በቀላሉ 25 ኪሎ ይሞላሉ። ፍራንክ ጉድማን በ1975 ለኖርዌይ ጉዞ የነደፈው ኖርድካፕ የተባለ ካያክ ለረጅም ጉዞ ዕቃ የተሠራ ነበር፤ ባዶውን ሲቀዘፍ ወላዋይ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚመለስ ሰው ጀልባው በባዶው መመረጥ አለበት።

ሱቅ ውስጥ ባህር ላይ በምታደርጉት ጫማ ሃያ ደቂቃ ተቀመጡበት። ጭናችሁ ከላይኛው ሽፋን ስር ካለው መደገፊያ ጋር ሳይጨናነቅ መነካካት አለበት፤ ካልነካ ጀልባውን በጭን ማጋደልም ሆነ ተገልብጦ መልሶ መነሳት ይከብዳል። በዳሌ ግራና ቀኝ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይበቃል፤ ትንሽ የሰፋውን ስፖንጅ ይሞላዋል፣ የጠበበውን ግን ምንም አያሰፋውም። እግራችሁ ትልቅ ከሆነ መርገጫው አካባቢ ያለውን ከፍታ እዩ። ብዙ ረጃጅም ሰዎች ጀልባውን የሚመልሱት በክብደት ሳይሆን በጫማ ምክንያት ነው።

ስፋቱ ከ53 እስከ 56 ሴንቲሜትር የሆነ ጀልባ መጀመሪያ ይወላውላል፤ ሻጩ 60 ሴንቲሜትር ወዳለው ሊመራችሁ ይችላል። ሰፊው ጀልባ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ምቹ ነው። የጎን ሞገድ ሲመጣ ግን ሰፊና ጠፍጣፋ ሆድ የሞገዱን ተዳፋት ተከትሎ ያጋድላል፤ ጠባቡ ቀጥ ብሎ ያሳልፈዋል።

ርዝመት? ውሃ የሚነካው ክፍል 5 ሜትር ከሆነ የፍጥነቱ ጣሪያ 5.4 ኖት (በሰዓት የባህር ማይል) ገደማ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚቀዝፈው ከ3 እስከ 4 ኖት ነው። ለማይደረስበት ጣሪያ ሲሉ ርዝመቱ ላይ 30 ሴንቲሜትር መጨመር ውሃ የሚጎትተውን ገጽ ማብዛት ነው።

ለነፋሱ ስኬግ፣ ማለትም ከጭራው ስር ወጥቶ የሚገባ ክንፍ፣ ያለው ይሻላል። ደካማ ጎኑ ጠጠር ነው፦ ከጠጠራማ ዳርቻ ሲገፋ ሳጥኑ ውስጥ ጠጠር ይሰነቀራል፤ በመቆጣጠሪያው በግድ ሲታገሉት ክንፉን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ገመድ ይጣመማል። ክንፉ ጫፍ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ አጭር ገመድ ማሰር ይበጃል፤ ሌላ ቀዛፊ ስቦ ያወጣዋል።

ፕላስቲኩ 25 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ ድንጋይ ይችላል፤ ፀሐይ ላይ በማሰሪያ ከተጨነቀ ግን ሆዱ ይሰረጉዳል። ፋይበርግላስ ቀለል ይላል፣ ይሰነጠቃል፣ በቀላሉም ይጠገናል።

ከ65 እስከ 85 ኪሎ ለሆነና በብዛት ለቀን ጉዞ ለሚወጣ ሰው ምርጫችን 5.1 ሜትር ገደማ፣ 55 ሴንቲሜትር ስፋት፣ ኤምቪ፣ ፕላስቲክ፣ ስኬግ ያለው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ኮክፒቱን፣ ማለትም የመቀመጫውን ክፍል፣ በጥቂት ባልዲ ውሃ ሙሉና አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ አዘንብሉት፤ የዕቃ ክፍሎቹ ውስጥ ጠብታ ከተገኘ ኮክፒቱን ከዕቃ ክፍሉ የሚለየው ግድግዳ ማጣበቂያ ለቋል።