በቀን 5 ጊዜ «ትሞታለህ» የሚለኝ አፕ
ሰዓቱን ሳትጠብቀው በቀን 5 ጊዜ «እንደምትሞት አትርሳ» የሚል ኖቲፊኬሽን የሚልክ አፕ ስልኬ ላይ ከጫንኩ 3 ወር ሆነኝ። ሀሳቡ እስያ ውስጥ ካለችው ትንሽ አገር ከቡታን አባባል የመጣ ነው፣ ደስተኛ መሆን የፈለገ በቀን 5 ጊዜ ሞትን ያስብ የሚል። የመጀመሪያው ሳምንት ልቤ ድው ድው ይል ነበር፣ አንዴማ ስብሰባ ላይ መጥቶ አጠገቤ ያለው ሰው አይቶት እሱ ከኔ በላይ ደነገጠ ሃሃ። ግን እያደር የገባኝ እኔ የምፈራው መሞቱን ሳይሆን ጣሩንና ጥያቸው የምሄደውን ሰዎች ነው፣ የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ ኤፒኩረስ እኛ ካለን ሞት የለም ሞት ሲመጣ ደግሞ እኛ የለንም ይላል፣ እሺ ለራሴስ ይሁን ለእናቴስ? እዛ ላይ አፑም ዝም ነው። ኖቲፊኬሽኑን ስትከፍተው የሚመጡት ጥቅሶች ግማሾቹ ደረቅ ናቸው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ ሀዘን ላይ ላለ ሰው ግን በፍጹም አልመክርም።