የፀጉር መርፌ ከቀዶ ሕክምና በኋላ፦ አሁኑኑ ወይስ ጠብቆ?

ሆድ ያስተካከለች ወይም ስብ በቀዶ ሕክምና ያስወጣች ሴት ከ2 እስከ 3 ወር ቆይታ ፀጉሯ ማበጠሪያውን ሞልቶ ሊወጣ ይችላል። ያስደነግጣል። ታዲያ ፀጉር እንዲያድግ የሚወጋውን ፒአርፒ የሚባል መርፌ አሁኑኑ ትወጋ ወይስ ትጠብቅ?

አሁኑኑ መወጋት ልብ ያሳርፋል። ሌላው ነገር ግን ያሳስበኛል። ፒአርፒ የሚሠራው ከራሷ ክንድ በተቀዳ ደም ነው። ደሙ በማሽን ይሽከረከራል፤ ፕላትሌቱ፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ ይለይና የራስ ቆዳዋ ላይ ይወጋል። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ደም ካነሳት፣ ወይም ደም ማቅጠኛ እየወሰደች ከሆነ ጊዜው አይደለም። ለሕመም የምትውጠው አይቡፕሮፌንም የፕላትሌትን ሥራ ያዳክማል።

መጠበቅ ትዕግሥት ይፈትናል። ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ እንዲህ ያለ መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ በራሱ ይቆማል። ቶሎ ከተወጋች ፀጉሩን የመለሰው መርፌው ይሁን ጊዜው አታውቅም፤ ገንዘቧ ግን ወጥቷል። እኔ መጠበቁን እመርጣለሁ። እስከዚያ የብረት መጠኗን ትመርመር፤ እንቁላሉን፣ ምስሩን ደህና አድርጋ ትብላ።

ፀጉሯ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም መሃል አናቷ ላይ እየሳሳ ከነበረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቁስሏ ድኖ ቀዶ ሐኪሟ ከፈቀደ፣ ወራት መጠበቅ አያስፈልጋትም።