ቲኬት፣ አውቶቡስና ሆቴል በአንድ የሚሸጥ የኮንሰርት «ፓኬጅ»፦ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው እንደኔ ጡረታ ወጥታችሁ፣ አሁን ገና ከከተማ ከተማ እየሄዳችሁ ሙዚቃ ማየት ለጀመራችሁ ነው። በተለይ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ላላችሁ። የኮንሰርት ቲኬት፣ አውቶቡስና ሆቴል ጠቅልሎ የሚሸጥ «ፓኬጅ» በቴሌግራምና በዋትሳፕ እየዞረ ነው። ፖስተሩ ያምራል። ስልክ የሚያነሳው ልጅ ትሁት ነው፤ የሚያናግራችሁም በአማርኛ ነው። ይህ ሁሉ ግን የያዛችሁትን ወንበር አይነግራችሁም።

እኔና ጓደኞቼ በሰው 640 ዶላር ከፍለናል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ኒውዮርክ ደርሶ መልስ፣ አንድ ሌሊት ሆቴል፣ «መድረኩ ሥር» የተባለ ወንበር። ረድፉ ስንተኛ ነው ብዬ ስጠይቅ «እናቴ፣ አይስጉ፤ ቦታው ተይዟል» አለኝ። ቲኬቱ ስልካችን ላይ የደረሰው የኮንሰርቱ ዕለት፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆነን መንገድ ላይ ሳለን ነው። መድረኩ ሥር የተባለው ቦታ ከላይ ያለው የመጨረሻው ፎቅ ሆነ። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ 78 ዶላር ነበር።

ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ መሀል ላይ መደገፊያ የለውም። ጉልበቷን ኦፕራሲዮን የሆነች ጓደኛዬ የማታውቀውን ሰው ትከሻ ይዛ፣ በየሦስት ደረጃው እየቆመች ነው የወጣችው። ከኋላዋ የተሰለፈው ሕዝብ ሲጠብቃት ታፍር ነበር። ሌሊቱን ሙሉም መታጠቢያ ቤት ለመሄድ አልተነሳችም፤ ያን ደረጃ እንደገና መውረድና መውጣት ፈርታ።

ሆቴሉ «ከአዳራሹ አጠገብ» ተብሎ ነበር። ኒው ጀርሲ ውስጥ አውራ ጎዳና ዳር ነው ያለው። አውቶቡሱ ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል እንደሚነሳ ውሉ ላይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። ዘፋኙ መድረክ ላይ የወጣው ዘግይቶ ነው። ትዝታውን ጨርሶ ባንዱ ገና ወደ ሞቅ ያለው ሲገባ፣ ሰውም ከወንበሩ ተነስቶ ትከሻውን መነቅነቅ ሲጀምር፣ ስልካችን ይጮህ ጀመር። «አውቶቡሱ ሊሄድ ነው፤ ቶሎ ውጡ!» የሄድንበትን ነገር ትተን ያን ደረጃ በጨለማ ወረድን።

ያናደደኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የኛ ትውልድ ሙዚቃ ሳይጠግብ ነው ያረጀው። በደርግ ጊዜ፣ በወጣትነታችን፣ ሰዓት እላፊ ነበር። ባንድ ማየት የፈለገ ሰው ሆቴል ውስጥ ተዘግቶበት እስኪነጋ ይቆያል፤ አለዚያ ቤቱ ቁጭ ይላል። ከዚያ ስደት መጣ። አሜሪካ ከገባን በኋላ ደግሞ ፓርኪንግ፣ ታክሲ፣ የነርሲንግ ሆም የሌሊት ፈረቃ። አርብና ቅዳሜ ማታ ትርፍ ሰዓት የሚሠራበት እንጂ የሚጨፈርበት አልነበረም። አሁን ልጆች አድገዋል፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲ በየወሩ ይገባል፣ ማለዳ የሚቀሰቅሰን የለም። እነዚህ ሰዎች የሚነግዱት በዚህ ጉጉታችን ላይ ነው። በጣም ነው የማዝነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ሻጩ ገንዘባችሁን ሲቀበል ብዙ ጊዜ ቲኬት በእጁ የለም። አየር ባየር ነው የሚሸጠው። ከእናንተ ከወራት በፊት ይሰበስብና፣ ኮንሰርቱ ሲቃረብ በድጋሚ ሽያጭ ገበያው ላይ ዋጋ እስኪወርድ ይጠብቃል። ከወረደ ርካሹን ይገዛላችኋል። ካልወረደ «አዘጋጁ ሰረዘብን» የሚል ሰበብ ይመጣል። ለዚህ ሁሉ ለሻጩ መከላከያ የሚሆነው ውሉ ላይ ያለችው «ወይም ተመጣጣኝ ቦታ» የምትል ሐረግ ናት። ተመጣጣኝ የሚለውን የሚወስነው እሱ ራሱ ነው። ሜሪላንድ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ሻጩ በእጁ ያላስገባውን ቲኬት መሸጥን በሕግ ከልክላለች። የከለከለችውም ይህ ሰውን ስለጎዳ ነው።

ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የቦታውን ክፍል፣ ረድፍና የወንበር ቁጥር በጽሑፍ ጠይቁ። በስልክ አይበቃም፤ በቴክስት ይላክላችሁ። ቲኬት በእጁ ያለ ሰው ይህን ለመመለስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። «ኋላ ይመደባል» ካለ ተዉት። የሆቴሉን ስምና አድራሻም ተቀበሉና ካርታ ላይ እዩት። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ጠይቁ፤ የኛ ኮንሰርት በሰዓቱ እንደማይጀምር ሁላችንም እናውቃለን። ኮንሰርቱ ቢሰረዝ ብቻ ሳይሆን ቢራዘምስ ብላችሁም ጠይቁ። ብዙዎቹ ሲራዘም ገንዘብ አይመልሱም፤ አዲሱ ቀን ካልተመቻችሁ ኪሳራው የእናንተ ነው። ዋጋውም ከመጀመሪያው ሙሉ ይሁን። ከሜይ 12 ቀን 2025 ወዲህ የፌዴራሉ ደንብ የቀጥታ ዝግጅት ቲኬት የሚሸጥ ሁሉ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎችን ደምሮ ጠቅላላውን ከመነሻው እንዲያሳይ ያስገድዳል። መጨረሻ ላይ «ሰርቪስ ቻርጅ አለው» የሚላችሁ ሰው ደንብ እየጣሰ ነው።

ስክሪንሾት ከላኩላችሁም አትቀበሉ። አሁን በብዙ ትላልቅ አዳራሾች የስልክ ቲኬት ባርኮዱ በየጊዜው ስለሚቀያየር ፎቶው በሩ ላይ አያስገባም። ቲኬቱ ወደ ራሳችሁ አካውንት መዛወር አለበት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ነገሩን ለያይቶ ራስ መግዛት ነው። ቲኬቱን ከአዳራሹ ከራሱ ቲኬት መሸጫ (ቦክስ ኦፊስ) ግዙ። ጉግል ላይ ስትፈልጉ ከላይ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ የከፈሉ ቸርቻሪዎች ናቸው፤ የአዳራሹን ስም አድራሻቸው ውስጥ ስለሚያስገቡ ዋናውን ይመስላሉ። ካላመናችሁ ስልክ ደውሉ። መደወል ሌላም ጥቅም አለው። ደረጃ መውጣት የማትችሉ ከሆነ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በሚያዘው መሠረት ያለ ደረጃ የሚደረስበት ወንበር ጠይቁ። ዊልቼር ላይ ባትሆኑም ይህን ወንበር የሚጠይቅ የጤና ችግር ካለባችሁ መብታችሁ ነው። የሐኪም ወረቀት አምጡ ሊሏችሁ አይችሉም። በዚያው ዋጋ ክልል ካሉት ወንበሮች አስበልጠው ማስከፈልም አይችሉም። ቦታ እስካለ ድረስ አጠገባችሁ ለሚቀመጡ እስከ ሦስት ሰዎች ድረስ መግዛት ትችላላችሁ። ጓደኛዬ ይህን ማንም አልነገራትም ነበር።

ለመንገዱ አምትራክ የሚባለው ባቡር አለላችሁ። ሜሪላንድ ካለው ከኒው ካሮልተን ጣቢያ ተሳፍራችሁ መሀል ማንሃተን ትወርዳላችሁ፤ 65 ዓመት ከሞላችሁ በአብዛኞቹ ባቡሮች 10 በመቶ ይቀነስላችኋል። በአውሮፕላን ከሆነ በቀጥታ ከአየር መንገዱ፣ ከበረራው ቢያንስ ሰባት ቀን ቀድማችሁ ግዙ። እንዲህ ከሆነ ከገዛችሁ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰርዛችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን የመውሰድ መብት አላችሁ። ሆቴል ሊሰረዝ በሚችለው ዋጋ ያዙ፤ ጥቂት ዶላር ቢጨምርም ያዋጣል።

አሁን ስለ አከፋፈል። ሻጩ «በዜል ብቻ» ካለ፣ ማለትም ከባንክ ሂሳባችሁ በስልክ በቀጥታ ላኩልኝ ካለ፣ እዚያው አቁሙ። በዜል ፈቅዳችሁ የላካችሁትን ገንዘብ ባንክ አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም፤ ጥሬ ገንዘብ በእጅ እንደ መስጠት ነው። በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። የተከፈለበት ነገር እንደ ውሉ ካልቀረበ፣ ክፍያው ያለበት የካርዱ የሂሳብ መግለጫ (ስቴትመንት) ከተላከላችሁ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ኩባንያ በጽሑፍ መቃወም ትችላላችሁ። ልጆቻችሁ ካርድ ካላቸው በነሱ አስከፍሉ። ዴቢት ካርድ ይህ ጥበቃ የለውም።

ከፍላችሁ ጉዞው ገና ከሆነ ዛሬውኑ የወንበር ቁጥራችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። መልስ ካልመጣ 60 ቀኑ ሳያልፍ ወደ ካርዱ ኩባንያ ሂዱ። ፖስተሩን፣ የተጻጻፋችሁትንና የተላከላችሁን ቲኬት ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡ፤ የኛው ሻጭ ከጉዞው በኋላ ቴሌግራሙ ላይ የነበረውን ፖስተር አጥፍቶታል። የሜሪላንድ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አለው፤ አቤቱታ በኢንተርኔት ይቀበላል። እኔ የራሴን አስገብቻለሁ። በዚያ አውቶቡስ የተሳፈራችሁም በየስማችሁ አስገቡ፤ በአንድ ሻጭ ላይ አቤቱታ ሲበዛ ነው ቢሮው የሻጩ የተደጋገመ ልማድ መሆኑን አይቶ የሚነሳው። እንግሊዝኛ መጻፍ የሚከብዳችሁ ልጆቻችሁን አስጽፉ፤ ልጅ አጠገቡ የሌለ ካለ እኔ ቁጭ ብዬ እጽፍለታለሁ።