ደንበኛ ለማግኘት የቱ ይሻላል? ማህበራዊ ሚዲያ፣ ጉግል ማፕ፣ ዌብሳይት ወይስ የስልክ ዝርዝር

አነስተኛ ንግድ ያለው ሰው ጊዜውም ገንዘቡም ውስን ነው። ሁሉም ቦታ መገኘት አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው "ማህበራዊ ሚዲያ ይጠቅማል ወይ?" አይደለም፣ መጥቀሙንማ ይጠቅማል። ጥያቄው ሥራችሁን በሙሉ እሱ ላይ መጣል ያዋጣል ወይ የሚለው ነው። አራት አማራጮችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። አቋሜንም ከአሁኑ ልናገር፦ ማህበራዊ ሚዲያ የማያውቃችሁን ሰው ለመሳብ አሪፍ ነው፣ አንዴ ከእናንተ የገዛን ሰው ግን እዚያው ላይክና ኮመንት ውስጥ ትታችሁ መሄድ አያዋጣም።

ማህበራዊ ሚዲያ

ጥሩ ጎኑ ግልጽ ነው። ፔጅ መክፈት በነጻ ነው፣ ስልክ ካላችሁ ዛሬ ማታ ትጀምራላችሁ። በተለይ ሥራችሁ በዓይን የሚታይ ከሆነ፣ ልብስ፣ ጸጉር፣ የቤት ዕቃ፣ ጌጣጌጥ፣ ፎቶ፣ የሚወዳደረው የለም። ቲክቶክ ደግሞ አንድ ለየት የሚያደርገው ነገር አለ፤ ቪዲዮውን ለማይከተሏችሁ ሰዎችም ስለሚያሳይ፣ ትናንት የተከፈተ ፔጅ ቪዲዮ ብዙ ሺህ ሰው ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ሊደርስ ይችላል ነው ያልኩት። አንዱ ቪዲዮ ይፈነዳል፣ በሚቀጥለው ወፍ የለም፣ ለምን እንደሆነም የሚነግራችሁ አይኖርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተከታይና ደንበኛን አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። አሥር ሺህ ተከታይ አላችሁ ማለት የለጠፋችሁትን አሥር ሺህ ሰው ያየዋል ማለት አይደለም። ማን ምን እንደሚያይ የሚወስነው ድርጅቱ ነው፣ ውሳኔውንም በፈለገው ቀን ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ማርክ ዙከርበርግ ፌስቡክ የወዳጅና የቤተሰብ ፖስቶችን እንደሚያስቀድም፣ የንግድና የሚዲያ ፖስቶች ደግሞ እንደሚቀንሱ አስታወቀ። ለዓመታት ተከታይ ሲያሰባስብ የኖረ ሰው ያንኑ ተከታዩን ለማግኘት ፖስቱን ቡስት እያደረገ፣ ማለትም ብዙ ሰው እንዲያየው እየከፈለ ማስተዋወቅ የግድ እየሆነበት መጣ።

የሚከፈልበት ማስታወቂያም ቢሆን የቆመበት መሬት ይንቀሳቀሳል። በ2021 አፕል የአይፎን ተጠቃሚዎች አፖች እንዲከታተሏቸው ይፈቅዱ እንደሆነ እንዲጠየቁ አደረገ፤ ብዙዎቹ አልፈቀዱም። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በ2022 መጀመሪያ ላይ ይህ ለውጥ በዚያ ዓመት 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያሳጣው ተናገረ። የሜታን ኪሳራ ለሜታ እንተወው። ነገሩ እኛን የሚነካን ማስታወቂያው ትክክለኛውን ሰው የማግኘት አቅሙ ስለቀነሰ፣ ያንኑ ያህል ደንበኛ ለማግኘት ብዙ አስተዋዋቂ ከበፊቱ የበለጠ መክፈል ስለነበረበት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ፣ ጭራሽ መጥፋት። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በአንድ ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል ተዘጉ፣ ምክንያቱም የድርጅቱ የራሱ የኔትወርክ ማስተካከያ ስህተት ነበር። ፌስቡክ ላይ የሚሸጥ፣ ኢንስታግራምን መጠባበቂያ ያደረገ፣ ትዕዛዝ ደግሞ በዋትስአፕ የሚቀበል ሰው ሦስት ቦታ ያለ መስሎት ሳለ ሦስቱም የአንድ ድርጅት ንብረት ስለሆኑ አንድ ላይ ጠፉበት። ስድስት ሰዓት እንኳ ቀላል ነው። የአጭር ቪዲዮ አፑ ቫይን እ.ኤ.አ. በ2017፣ የጉግል ማህበራዊ ሚዲያ የነበረው ጉግል ፕላስ በ2019 እስከነአካቴው ተዘግተዋል። ህንድ በጁን 2020 ቲክቶክን ስታግድ ኑሯቸውን እዚያ ላይ የመሠረቱ ሰዎች ከተከታዮቻቸው ጋር በአንድ ምሽት ተቆራረጡ።

ሃክ መደረግም አለ። "ፔጃችሁ የቅጂ መብት ጥሷል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እዚህ ገብታችሁ ካላረጋገጣችሁ ይዘጋል" የሚል መልእክት ከደረሳችሁ፣ ሊንኩን አትንኩት። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስዎርዱ ሌላ ተጨማሪ ኮድ የሚጠይቀውን፣ አብሩ፤ የምታምኑትን አንድ ሰው ሁለተኛ አድሚን አድርጉ።

እግረ መንገዴን፣ "ዋጋ በኢንቦክስ" የምትሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉት። ገዢው ዋጋውን ካላየ ወደሚቀጥለው ፔጅ ያልፋል።

ጉግል ማፕ

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ እኔ ግን ከማህበራዊ ሚዲያ በፊት መሠራት አለበት ባይ ነኝ። ቲክቶክ ላይ ያለ ሰው የሚዝናና ሰው ነው፣ ቧንቧ ጠጋኝ መኖሩ ትዝም አይለው። ጉግል ላይ "ቧንቧ ሠራተኛ" ብሎ የጻፈው ሰው ግን ቤቱ ውሃ እየሞላ ነው፣ መጀመሪያ ያገኘው ስልክ ላይ ይደውላል። እንዲህ ያለውን ሰው ማሳመን አያስፈልግም፣ መገኘት ብቻ ነው።

ምዝገባው ነጻ ነው። የሥራ ሰዓት፣ ስልክና የሥራችሁን ፎቶ ታስገባላችሁ፣ ጉግል እናንተ መሆናችሁን ያረጋግጣል። ሱቅ የሌላችሁ፣ ቤት ለቤት የምትሠሩም ብትሆኑ አድራሻችሁን ሳታሳዩ የምትሠሩበትን አካባቢ ብቻ መመዝገብ ይቻላል። ደንበኛ አስተያየት እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። መጥፎ አስተያየት እናንተ ማጥፋት አትችሉም፣ በእርጋታ መልስ ስጡበት፤ የሚቀጥለው ገዢ ከወቀሳው ይልቅ መልሳችሁን ነው የሚያነበው።

ይህም ቢሆን የእናንተ አይደለም። ጉግል በዚሁ አገልግሎት በኩል ለነጋዴዎች በነጻ ይሰጣቸው የነበሩትን ቀላል ዌብሳይቶች በማርች 2024 ዘግቷቸዋል። ሌላ ዌብሳይት ያልነበረው ሰው አዲስ መፈለግ ነበረበት።

የራስ ዌብሳይት

እዚህ ላይ የሰዎች ሐሳብ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ "ዌብሳይት የሌለው ነጋዴ ነጋዴ አይደለም" ይላል፣ ሌላው ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ነገር ያደርገዋል። ሁለቱም አጋንነውታል። ዌብሳይት ከፍታችሁ ዝም ብትሉ ማንም አይመጣም፤ ዋጋው ያልተስተካከለ፣ ስልኩ የማይሠራ ዌብሳይት ደግሞ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

የሚያስፈልገው ለማን ነው? ለድርጅቶች ለሚሸጥ፣ ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ ላለው፣ ዕቃው ብዙ ዓይነት ለሆነ። ትልቅ ገንዘብ ሊያወጣ የተነሳ ሰው ከመክፈሉ በፊት ስማችሁን ፈልጎ ያጣራል። ቀጠሮዋ ሁልጊዜ ሞልቶ የሚያድር ጸጉር ሠሪ ግን ለትልቅ ዌብሳይት ብትከፍል ገንዘቧን ውሃ በላው። ለሷ አንድ ገጽ ይበቃታል፦ ምን እንደምትሠራ፣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደምትከፍት፣ ስልክ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዶሜይኑ፣ ማለትም የዌብሳይቱ ስም፣ በእናንተ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ። ሠሪው "እኔ አስመዘግበዋለሁ" ብሎ በራሱ ስም ካስመዘገበው፣ የተጣላችሁ ወይም እሱ ስልኩን የቀየረ ዕለት ስማችሁን ማስመለስ ፈተና ነው። ክፍያው በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑንም አትርሱ፣ ካላደሳችሁት ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ዶሜይኑ በእጃችሁ ካለ ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበትን አገልግሎት) ብትቀይሩ፣ ሠሪ ብትቀይሩ፣ አድራሻችሁ አይቀየርም። ማህበራዊ ሚዲያ የማይሰጣችሁ ይሄንን ነው።

የራስ ዝርዝር

ሲያዩት ተራ ነገር ነው፣ ለእኔ ግን ከአራቱ ይበልጣል። የደንበኛ ስም፣ ስልክ ወይም ኢሜይል፣ ምን እንደገዛ፣ መቼ እንደገዛ። በደብተር ቢሆንም ችግር የለውም፣ ኮፒው ግን ሌላ ቦታ ይኑር። ፌስቡክ ቢዘጋ፣ ቲክቶክ ቢታገድ፣ ፔጃችሁ ቢሰረቅ፣ ይህ ዝርዝር ካለ ነገ ጠዋት መሸጥ ትችላላችሁ።

መላኪያው ላይ ግን ልዩነት አለ። የቴሌግራም ቻናል የአባላት ገደብ የለውም፣ የለጠፋችሁትም በተራው ይደርሳል። ችግሩ የአባላቱ ስልክ ቁጥር ለእናንተ አይታይም፣ ቻናሉ ከጠፋ ሰዎቹም አብረው ይጠፋሉ። በዋትስአፕ የብሮድካስት ዝርዝር በአንድ ጊዜ ለ256 ሰው መላክ ይቻላል፣ የሚደርሰው ግን ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ለመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ደንበኛ ሲገዛ "ቁጥራችንን ሴቭ ያድርጉት" ማለትን ልማድ አድርጉት። ተራ የስልክ መልእክት ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሲበዛ ግን ያስከፍላል። ኢሜይል ዝርዝሩን ይዛችሁ ከአንዱ መላኪያ ወደ ሌላው መዛወር ስለምትችሉ በአንድ ድርጅት ላይ ጥገኛ አያደርጋችሁም፣ ደንበኛችሁ ኢሜይሉን የማይከፍት ከሆነ ግን ዋጋ የለውም።

ሳትጠይቁ አትላኩ። በየቀኑ የምትልኩ ከሆነ ብሎክ ትደረጋላችሁ፣ ብሎክ የሚያደርጓችሁ ሰዎችም ልክ ናቸው። አዲስ ነገር ሲኖር፣ ዋጋ ሲቀንስ፣ ወይም "ባለፈው የገዙት ዕቃ የሚታይበት ጊዜ ደርሷል" ለማለት ይበቃል።

ታዲያ የቱን?

ደንበኛችሁ በምን ያህል ጊዜ ተመልሶ ይመጣል? መልሱ ያለው እዚህ ጋ ነው። በየወሩ የሚመጣ ሰው ካላችሁ፣ ጸጉር ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ጂም፣ መጀመሪያ ዝርዝሩን ያዙ፣ ማህበራዊ ሚዲያ ሁለተኛ ነው። የሠርግ ፎቶ አንሺ ከሆናችሁ ግን አንዴ የመጣ ሰው ደግሞ ላይመጣ ይችላል፣ ሁሌም አዲስ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ ኢንስታግራም ላይ በርቱ፣ ያገባችውን ሙሽራም ሥራችሁን ለጓደኞቿ እንድታሳይ ጠይቁ። የድንገተኛ ጥገና ሥራ ጉግል ማፕ ይበቃዋል ማለት ይቻላል። ለቢሮዎች የሚያቀርብ ሰው ዌብሳይትና ኢሜይል ይያዝ፣ ዳንሱን ለሌላው ይተወው።

ገና ምንም ደንበኛ የሌላችሁ ጀማሪዎች ደግሞ ማህበራዊ ሚዲያ ላይ ብትጀምሩ አልቃወምም፣ ሌላ ነጻ መንገድ ብዙም የለም። አንዱን አፕ ብቻ ምረጡ፣ ሁሉም ላይ የተረሳ ፔጅ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ሽያጭ ላይ ግን ስልኩን ተቀበሉ።

አሁን ያላችሁበትን ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ለሁለት ወር የሚገዛውን ሰው ሁሉ "ከየት ሰሙን?" ብላችሁ ጠይቁና ጻፉት። ብዙ ላይክ የሚያመጣው ፔጅ ገዢ የማያመጣ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ እዚያ ላይ የሚጠፋውን ሰዓት ቀንሱ። ከግማሽ በላይ ደንበኛ የሚመጣው ከአንድ አፕ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ገበያው ሞቅ ባለበት በዚህ ሰዓት የሰዎቹን ስልክ መሰብሰብ ጀምሩ።